ሙጫው የተነሣበት ግድግዳ

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አባ ቢራራ በፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ባለው ቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሞተው ሲገኙ በቦታው የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። ልጃቸው ጥሩአየሁ ወጥ ቤት ሆና የሰንበትን ምግብ ትጨርስ ነበር። ዳኛው የሚባለው ወንድ ልጃቸው ኪርያት ማታሎን ካለው ጋራዥ ወጥቶ መምጣቱ ነበር። ኤሊያስ የሚባል ወጣት፣ ዘወትር ዓርብ እንደሚያደርገው፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ጸሎት ቤት ሊወስዳቸው ሳሎን ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ከበላያቸው የምትኖረው ኢፋት ደግሞ ዝናብ መጣ ብላ ከጓሮው ገመድ ልብሷን ልትሰበስብ ወርዳ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1996 ነው፤ አባ ቢራራና ልጆቻቸው በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡ አምስተኛ ዓመታቸው።

አባ ቢራራ ሰንበትን ባልታጠበ ገላ ተቀብለው አያውቁም። ጎንደር ሳሉ ወንዝ ይወርዱ ነበር። እዚህ ደግሞ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በጣሳ እያፈሰሱ፣ ሳይቸኩሉ ይታጠባሉ። ጥሩአየሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለውን የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ትለኩስላቸዋለች። ያን ዕለትም ለኮሰችላቸው። ከቆይታ በኋላ በሩ ቢንኳኳ መልስ ጠፋ። ዳኛው በትከሻው ገንጥሎት ገባ። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ነበር፤ ፊታቸው ፀሐይ እንደመታው ሰው ቀልቷል፤ ነፍሳቸው ግን የለችም።

ሐኪሙ «ጋዝ ነው የገደላቸው» አለ። የጋዝ ባለሙያው ማሞቂያውን ፈታቶ አየና፣ «ይህ ዕቃ እንከን የለበትም። ከግድግዳው ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ክፍት እስከሆነች ድረስ ሰው አይገድልም። ተደፍና መሆን አለበት» አለ። ፖሊስ በደረሰ ጊዜ ግን ቀዳዳዋ ክፍት ነበረች።

ማክሰኞ ጠዋት የምርመራ አዛዡ ባራክ ወደ ሐዘን ቤቱ ሲሄድ መርማሪ እንጉዳይን አስከትሎ ሄደ። እንጉዳይ የስርቆት መርማሪ ናት። በጣቢያው ውስጥ አማርኛ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች ለማስተርጎም ነበር የተጠራችው።

ጥሩአየሁ ሳሎኑ ወለል ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ ልጆቿ ከጎኗ ናቸው። ባራክ ወረቀት ዘርግቶ ብዕር አቀረበላት። ወረቀቱ፣ እንደ ወገኖቿ ጋዝ ስለማታውቅ፣ ብርድ እንዳይገባ ብላ የአየር ቀዳዳዋን በሰፊ ፕላስተር እንደለጠፈች፣ አባቷ ሲሞቱም ደንግጣ እንዳነሣችው ይናገራል። ከፈረመች በቸልተኝነት ሰው ገድላለች ተብላ ትከሰሳለች፤ ልጆቿም ወደ ፕኒሚያ፣ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

«በያት፣ ብትፈርም ዳኞቹ ያዝኑላታል» አለ ባራክ በዕብራይስጥ። «እነዚህ ሰዎች ጋዝ አያውቁም። ብርድ ይፈራሉ፤ ያገኙትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ። ክፋት የለበትም፣ አለማወቅ ነው።»

እንጉዳይ አፏን ሳትከፍት ጥሩአየሁ በዚያው በዕብራይስጥ መለሰችለት። «የምሠራበትን ፋብሪካ የማብሰያ ጋዝ ጠዋት ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። ለሠራተኛው ሁሉ ምግብ ሲበስል አንድ ሰው አልገደልኩም። አባቴን ልግደል?» ከዚያ ወደ እንጉዳይ ዞራ በአማርኛ፣ «በይው እህቴ፤ እጄን ይቁረጠው እንጂ ይህ ወረቀት ላይ አያርፍም» አለች።

«ምን አለች?» አለ ባራክ።

«አላደረግሁትም አለች።»

«የጠራሁሽ ለማስተርጎም ነው።»

«ይኸው ተረጎምኩልህ። አላደረግሁትም ማለት አላደረግሁትም ማለት ነው። ፕላስተር የሚለውን ከየት አመጣኸው?»

ባራክ ትከሻውን ሰበቀ። «ያ ኤሊያስ የሚባለው ጨዋ ልጅ ነገረን። ለፋሲካ ቁም ሣጥን ስታሽግበት አይቷታል።»

እንጉዳይ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። «ሐዘናቸው እስኪያልቅ ጊዜ ስጠኝ።»

«ይህ ያንቺ መዝገብ አይደለም!»

«እንግዲያው ከስርቆት ክፍል አባርረኝ» አለችና ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ገባች። ባራክ እያጉረመረመ ወጣ፤ ነገር ግን ወረቀቱን ይዞ ወጣ እንጂ ጥሩአየሁን አላስነሣትም።

የአየር ቀዳዳዋ ጡብ ታህላለች። በውስጥም በውጭም የፕላስቲክ ወንፊት ተገጥሞባታል። እንጉዳይ በርጩማዋ ላይ ቆማ የውስጡን ወንፊት በባትሪ መረመረችው። በማዕዘኑ አሮጌ የሸረሪት ድር አለ። በዙሪያው ባለው ሸክላ ላይ የሳሙና እንፋሎት የጋገረው ስስ ነጭ ብናኝ ከዳር እስከ ዳር እንዳለ ነው። ከዚህ ላይ ፕላስተር ቢነሣ ኖሮ ድሩንም ብናኙንም ይዞት ይነሣ ነበር።

ወደ ጓሮ ዞረች። ለለቀስተኛ የተወጠረው ሸራ ከዚያው ግድግዳ ጋር ታስሯል። ከሸራው ሥር አግዳሚ ወንበሮችና ኤሊያስ ከሥራው ያመጣው የብርቱካን ሣጥን አለ። እንጉዳይ አግዳሚው ላይ ወጣች። ግድግዳው የዓመታት አቧራና የዝናብ ፍሳሽ ጠጥቶ ጠቁሯል። በውጭው ወንፊት ዙሪያ ግን አራት ማዕዘን ፍሬም የመሰለ ንጹሕ መስመር አለ። አቧራው ብቻ ሳይሆን የሆነ ነገር ተፍቆ የጸዳበት መስመር ነው። ጣቷን አሳለፈችበት፤ አልተጣበቀባትም። ተጠግታ ስታየው መስመሩ ቢጫ ነገር ይመስላል። በልስኑ ስንጥቆች ውስጥም እንደ ዱቄት ጉልጉል ያለ ነጭ ፍርፋሪ ተሰንቅሮ ደርቋል። ከወንፊቱ ብሎን ሥር የጥፍር ስባሪ የምታህል ቡናማ የፕላስተር ቁራጭ ተይዛ ቀርታለች።

እንጉዳይ ቁራጯን በወረቀት ጠቀለለቻት። ከአግዳሚው ወርዳ ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ሙጫ ከግድግዳ ላይ በራሱ አይለቅም። ያስለቀቀው ሰው አለ። ሙጫን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የሚያስለቅቀው ከቤቱ ወይም ከሥራው በለመደው መንገድ ነው።

ወደ ራሷ ቤት ሄዳ የቲማቲም ድልህ የነበረበትን የብርጭቆ ማሰሮ አነሣች፤ የወረቀት ምልክቱን ግማሹን ቀደደችና ሙጫው እንዳለ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዳኛው ሐዘን ተቀምጦ ስለነበር ያገኘችው እዚያው ሸራ ሥር ነው። ትልቅ ሰውነት፣ ሳሙና ያልጨረሰው ጥቁር ጥፍር።

«እህቴን የሚነካ ካለ እኔን ረግጦ ይለፍ» አለ ሰላምታ ሳይሰጣት።

«የሚነካት የለም። አባትህን ማን ይጠላቸው ነበር?»

«አባቴን? ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ሰው ሲጋባ ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ ማን ይጠላዋል? እኔ ብቻ ነኝ የምጨቀጭቀው። ክፋር አቭራሃም ሰፈር እኔ ዘንድ ይምጣ ብለው እንቢ አለኝ። እህትህን ትቼ አልሄድም አለ።»

እንጉዳይ ማሰሮውን አወጣች። «ዳኛው፣ በሞቴ፣ ይህ ሙጫ ሞገደኛ ሆነብኝ። ምን ላድርገው?»

በሐዘኑ መሐል ፈገግ ሊል ዳዳው። «ቤንዚን! ሙጫ በለው፣ ግራሶ በለው፣ ቀለም በለው፣ አማት በለው፣ ቤንዚን የማያስለቅቀው የለም። ሽታው ግን ሳምንት ይከርማል፤ ቀለም ያለበት ዕቃ ከሆነም ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ለማሰሮ ግን በሰደር ነው፣ ምንም አይለውም።»

ኢፋትን ፎቅ ላይ የደንበኛ ጥፍር ስትቀባ አገኘቻት። በዕብራይስጥ እንደ ጥይት ታወራለች።

«ሽማግሌው? በሰንበት ልብስ አሰጣሽ እያለ ይቆጣኝ ነበር። እኔም እቆጣው ነበር። ሲታመም ደግሞ ሾርባ እልክለታለሁ። ጎረቤት ማለት ይሄ ነው፣ ማሚ፣ የኔ ውድ። ምን ያዝሽ? ሙጫ? አምጪው!» የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋን በጥጥ አርሳ ማሰሮው ላይ አሸችው፤ ሙጫው ተገፈፈ። ጥጡ የማሰሮውን የፕላስቲክ ክዳን ሲነካው ግን ክዳኑ ደበዘዘ፤ እንደ ዓይን ሞራ ነጣ። «ኡፍ! አሴቶን ፕላስቲክ አይወድም፤ ረስቼው ነው።»

«ዓርብ ዕለት ጓሮ ነበርሽ። ማንን አየሽ?»

«ሁሉንም። ዳኛው መኪናውን ሊዘጋ ወጣ። ያ ቆንጆው ልጅ ኤሊያስም ከዳኛው ቀድሞ አንዴ ወጥቶ ነበር፤ አየር ልውሰድ ያለ መሰለኝ። ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ደግሞ አምቡላንሱን መንገድ ላሳይ ብሎ ሮጠ። ደግሞ በጓሮ በኩል! አምቡላንስ የሚመጣው በፊት ለፊት መንገድ ነው። ደንግጦ ነዋ፣ ሰው ሲደነግጥ ምን ያያል።»

ኤሊያስን ሸራውን ሲያጠብቅ አገኘችው። ሸራውን የወጠረው፣ ውሃ የሚያመላልሰው፣ ለሽማግሌዎች ወንበር የሚለቀው እሱ ነው። በልጅነቱ በሱዳን በኩል መጥቶ በፕኒሚያ ያደገ ነው፤ ወላጆቹ በረሃ ላይ ቀርተዋል። ወታደርነቱን በቅርቡ ጨርሶ ብርቱካን ማሸጊያ ገብቷል። ልደት የምትባል ልጅ ሊያገባ አዳራሽ ተይዞለታል።

«አባ ቢራራ ለኔ እንደ አባት ነበሩ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጥሩአየሁን መናገሬ ከብዶኛል። ግን ጠየቁኝ፤ ልዋሽ አልችልም።»

«ምን ነበር ያየኸው?»

«የፋሲካ ዋዜማ ዕለት መጥቼ ነበር። የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን በሰፊ ቡናማ ፕላስተር ታሽግ ነበር። ሐሜጹን ነዋ፣ እርሾ ያለበትን ነገር። በዓሉ እስኪያልፍ ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል። የተረፈውን ፕላስተር ከውስጥ ቀዳዳዋ ላይ ለጥፋው ይሆናል ብዬ ነው።»

«እሺ። በል እስቲ ይህን ሙጫ እንዴት እንደማስለቅቀው ንገረኝ።»

ማሰሮውን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን አነሣ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህት እንጉዳይ? ይህ የሴቶች ሥራ ነው። አድርጌው አላውቅም።»

ጥሩአየሁን ስትጠይቃት ሳታመነታ መለሰች። «ዘይትና ጨው። ዘይቱን ቀብተሽ ታሳድሪዋለሽ፣ በጨው ታሺዋለሽ፣ በፈላ ውሃ ታጥቢዋለሽ። ግድግዳ ላይ ግን እንዳታደርጊው፤ ዘይት ግድግዳ ከጠጣ ዘላለም ጥቁር ይላል።»

«የፋሲካ ዋዜማ ቁም ሣጥኑን በፕላስተር አሽገሽ ነበር?»

ጥሩአየሁ ዓይኗን አፈጠጠችባት። «አንቺ የጎንደር ልጅ አይደለሽም እንዴ? አባቴ በሕይወት እያለ እርሾ የነካው ነገር ከዚህ ቤት ይሸሸጋል? አገር ቤት ሸክላውን ሁሉ ሰብረን አዲስ አልነበር የምንሠራ? እዚህም ዱቄቱ ወጣ፣ ወንፊቱ ወጣ፣ ቡሆ የነካው ባልዲ እንኳ ወጣ። ቁም ሣጥኑ ባዶውን አፉን ከፍቶ ነው በዓሉን ያሳለፈ። ባዶ ቁም ሣጥን ማን ያሽጋል?»

እንጉዳይ ከመልሷ በላይ ከቁጣዋ ብዙ ነገር ተረዳች። «አባትሽ ከመሞታቸው በፊት ዘር ይቆጥሩ ነበር?»

ጥሩአየሁ፣ «እሱ ሳይናገረው እኔ አልናገርም» አለች። «የሽማግሌ ነገር ነው። እሑድ በሸንጎ ሊናገረው ነበር።»

«በዚህ ዝምታሽ ልጆችሽን ልታጪ ነው።»

«ይሁን! የአባቴን አፍ ነጥቄ አልናገርም። ሌላ ሰው ከነገረሽ እውነት ነው እልሻለሁ፤ ከኔ ግን አታወጪውም።»

በማግስቱ እንጉዳይ ልደትን ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ጠብቃ አገኘቻት። አማርኛና ዕብራይስጥ እየቀላቀለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት።

«የአባ ቢራራ ሞት አባቴን ሰብሮታል» አለች ልደት። «የኤሊያስን ዘር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለማ። ወላጆቹ ሞተዋል። ሰባት ትውልድ ሳይቆጠር አባቴ ጋብቻ አይፈቅድም።»

«ቆጠራው ምን አለ?»

«አባ ቢራራ ለአባቴ፣ ‹እሑድ በሸንጎ እናገራለሁ፤ ለልጁ ግን በሰው ፊት እንዳይደነግጥ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ› ብለውት ነበር። ኤሊያስን ስጠይቀው፣ ‹ከሰባት አልፈናል፣ መርቀውኛል› አለኝ።»

ልደት የእንጉዳይን ቦርሳ አየት አደረገች። ማሰሮው ከላይ ይታያል። «እንዴ፣ ፖሊስ ማሰሮ ይዞ ይዞራል?» ብላ ሳቀች። «ሙጫ ነው ያስቸገረሽ? በብርቱካን ልጣጭ እሺው። ውጪውን፣ ያንን ዘይት ያለውን። ማሸጊያ ቤት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ሣጥን ላይ የተሳሳተ ወረቀት ሲለጠፍ። ኤሊያስ ነው ያሳየኝ። መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ያለውን ሁሉ እሱ ነው ያነሣልኝ። በጣም ጎበዝ ነው!»

እንጉዳይ አመስግናት ሄደች። ልጅቷ በኩራት እያየቻት ነበር፤ እንጉዳይ ግን ዞራ ልታያት አልደፈረችም።

በሐዘኑ መጨረሻ ቀን፣ ሰው ከምሳ በኋላ ሲቀል፣ ሁሉም ከሸራው ሥር ተሰበሰቡ። ጥሩአየሁና ዳኛው በአንድ ወገን፣ ኢፋት ከጥሩአየሁ አጠገብ፣ ኤሊያስና ልደት በወዲያኛው አግዳሚ ላይ። ባራክ ወረቀቱን ይዞ ከአንድ ፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ ቆመ።

«ያላ፣ በይ ቶሎ፣ እንጉዳይ» አለ። «ወይ ትፈርም፣ ወይ አስሬ ልውሰዳት።»

«ከመውሰድህ በፊት ይህን ግድግዳ እይልኝ» አለች እንጉዳይ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በዕብራይስጥ እየተናገረች። «ከውስጥ በኩል ፕላስተር ተለጥፎ አያውቅም፤ ድሩም ብናኙም እንዳለ ነው። የተለጠፈው ከውጭ ነው። ብርድ የሚከላከል ሰው ደረቅ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይለጥፋል እንጂ በዝናብ ወጥቶ ወንበር ላይ አይንጠለጠልም። ከውጭ የለጠፈው ውስጥ ያለው ሰው እንዳያይ የፈለገ ነው።»

ባራክ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ዳኛው በእጁ አፉን ያዘ።

«ሰውየው ፕላስተሩን ቶሎ አነሣው፤ ሙጫው ግን ቀረ። በኋላ ተመልሶ አስለቀቀው። በምን? ዳኛው በቤንዚን ያስለቅቅ ነበር፤ ቤንዚን ይሸታል። ይህ አይሸትም። ኢፋት በአሴቶን ታስለቅቅ ነበር፤ አሴቶን ወንፊቱን ሞራ ያለብሰው ነበር። ወንፊቱ ይኸው ያብረቀርቃል። ጥሩአየሁ ዘይት ታውቃለች፤ ዘይት ደግሞ ግድግዳውን ያጠቁረዋል። ይህ ቢጫ ነው። በስንጥቁ ውስጥም ነጭ ፍርፋሪ ቀርቶበታል።» ከሣጥኑ ብርቱካን አነሣች፤ ላጠች። ግድግዳው ላይ ጠዋት የለጠፈችውን ፕላስተር ላጥ አደረገችና የቀረውን ሙጫ በልጣጩ አሸችው። ሙጫው እየተጠቀለለ ወረደ። በቦታው ቢጫ መስመርና ነጭ ፍርፋሪ ቀረ። ከፊተኛው ጋር አንድ ነው።

«ብርቱካን የሌለበት ቤት ፔታህ ቲክቫ ውስጥ አለ እንዴ?» አለ ኤሊያስ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር።

«ልክ ነህ። በብርቱካን ብቻ ሰው አይታሰርም። ግን ሙጫ እንዴት እንደሚለቅ ስጠይቅህ ለምን አላውቅም አልከኝ? ማሸጊያ ቤት የምትውለው በዚህ አይደለም? መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ያለውን ሙጫ ማን አነሣው?»

ልደት ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ኤሊያስ አዞረች።

«ሁለተኛ፣ የጋዝ ባለሙያው ‹ተደፍኗል› አለ እንጂ በምን እንደተደፈነ አላለም። ጨርቅ ሊሆን ይችላል፣ ጋዜጣ ሊሆን ይችላል። ፕላስተር የሚለውን ቃል በዚህ መዝገብ ውስጥ መጀመሪያ የተናገርከው አንተ ነህ። ምልክት ትቼ ይሆናል ብለህ ስለፈራህ ፕላስተሩ የቤቱ ዕቃ እንዲሆን ፈለግህ። ስለዚህ በጥሩአየሁ እጅ አስያዝከው። ለፋሲካ ቁም ሣጥን ስታሽግ አየሁ አልክ። በፕኒሚያ እንደዚያ ስለሚያደርጉ ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያደርግ መሰለህ። በአባ ቢራራ ቤት ግን እርሾ ይወጣል እንጂ አይታሸግም። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም፤ ቁም ሣጥኑ ባዶ እንደሚሆን ያውቃላ።»

ዳኛው ብድግ ሲል ጥሩአየሁ እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

«ዓርብ ዕለት ሽማግሌው ከመግባታቸው በፊት ለጠፍከው። ክፍት ቀዳዳ ሲደፈን ምን እንደሚሆን በየክረምቱ በቴሌቪዥን ይነገራል። ጩኸት ሲነሣ አምቡላንስ ላሳይ ብለህ በጓሮ ሮጥክ፤ ኢፋት አይታሃለች። ያን ጊዜ ገነጠልከው። ሸራ ስትወጥር ደግሞ ሙጫውን አጸዳኸው። ለምን ቢባል፣ የአንተን ዘር የሚቆጥር ሰው በዚህ አገር አንድ ብቻ ነበር። ነገሩህ። ‹አልፈናል› ግን አይደለም የነገሩህ።» እንጉዳይ ወደ ጥሩአየሁ ዞረች። «አባትሽ ለልጁ ነግረውታል፤ ለልደት አባት እንዲህ ማለታቸውን ልደት ነግራኛለች። የአባትሽን አፍ የነጠቅሽ አይሆንም።»

ጥሩአየሁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ረቡዕ ማታ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥር ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ስም ጠራ፤ በልደትም ዘር ያለ ስም ነው። ጣቱን ሳያጥፍ ቀረ። ‹ወይኔ ልጄን› አለ።» ወደ ኤሊያስ አየች። «ልጄን ያለው አንተን ነው።»

ኤሊያስ ተነሣ። ረጋ ያለው ድምፁ ሄደ።

«አዎ! አምስት! አምስት አለኝ!» አለ። «ምንድን ነው አምስት? ምንድን ነው ሰባት? እናቴን አሸዋ ውስጥ ስቀብር ሰባቱ ትውልድ የት ነበሩ? ማንም አልቆጠረኝም! ይህ አገር ጠመንጃ ሰጠኝ፣ መታወቂያ ሰጠኝ፤ ሚስት የሚከለክለኝ ግን አንድ ሽማግሌ በጣቱ ነው? ለመንኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹ዝም በልልኝ› አልኩት። ‹ልጄ፣ አልዋሽም› አለኝ። እሱ ሲሞት ቁጥሩም ይሞታል አልኩ! አልጸጸትም!»

ልደት ተነሣች። እያለቀሰች አልነበረም።

«እኔ ለአባቴ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?» አለችው። «‹ቆጠራው እንቢ ካለ እኔም ቆጠራውን እንቢ እላለሁ፤ ሻንጣዬን ይዤ አብሬው እወጣለሁ› ብዬዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አላናገረኝም። አንተ ግን እኔን ጠይቀኸኝ ነበር? አንድ ቀን? ሽማግሌውን ለመንክ፤ እኔን አልጠየቅኸኝም። አብራህ እንቢ የምትል ሴት መሆኔን ሳታውቅ ነው እንዴ ልታገባኝ የነበረው?»

ኤሊያስ ቁጭ አለ። ፖሊሱ እጁን ሲይዘው አልታገለም።

ባራክ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ጥሩአየሁ ከፍራሹ ተነሣችና እጇን ዘረጋች።

«አምጣው» አለችው በዕብራይስጥ። «‹ጋዝ አያውቁም› የሚለው እዚህ ላይ ተጽፏል አይደለም?»

«እቀደዋለሁ፣ አልቋል።»

«አትቅደደው። በገዛ እጅህ ሰርዘው፤ ከሥሩም ስምህን ጻፍ። አሁን የሚፈርመው አንተ ነህ።»

ባራክ እንጉዳይን አያት። እንጉዳይ ብዕሯን አውጥታ ሰጠችው እንጂ አልተረጎመችለትም። ሰረዘ፤ ፈረመ።

ኤሊያስ ሁሉን አምኖ ቃሉን በዚያው ቀን ሰጠ። የሠርጉ አዳራሽ ተሰረዘ። ልደት ከአባቷ ቤት ወጥታ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር መኖር ጀመረች። እሑድ ጠዋት ጥሩአየሁ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ፋብሪካው ሄደችና የማብሰያውን ጋዝ ከፈተች።